ሃሎዊንን ከትናንሽ ልጆች ጋር ቤት ውስጥ ማሳለፍ፦ እናንተ እንዴት ታደርጋላችሁ?

የአደይ እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ዘንድሮ ሃሎዊን፣ ማለትም ኦክቶበር 31 ቀን 2025፣ ዓርብ ይውላል። ሁለት ልጆች አሉን፤ ትልቋ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ትንሹ ገና ሦስት ዓመት ሞላው። እስካሁን በዚያ ምሽት የበረንዳውን መብራት አጥፍተን፣ መጋረጃውን ዘግተን እንደ ማንኛውም ቀን እናሳልፈው ነበር፤ በዚህ አገር የበረንዳ መብራት ከበራ ልጆች የማስመሰያ ልብስ ለብሰው ከረሜላ ለመቀበል እንደሚያንኳኩ፣ ከጠፋ ደግሞ ቤቱን አልፈው እንደሚሄዱ ታውቃላችሁ። ትልቋ ልጃችን ግን አሁን አንደኛ ክፍል ገብታለች። የክፍሏ ግድግዳ በዱባና በሌሊት ወፍ ሥዕል ተሞልቷል፣ ጓደኞቿም ምን ለብሰው እንደሚወጡ ሲያወሩ ውለው ይገባሉ፤ እርሷም ማታ ማታ መብራት የምናጠፋበትን ምክንያት መጠየቅ ጀምራለች።

ባለቤቴና እኔ ተመካክረን ልጆቹን በሰፈሩ ሳናዞር፣ የእኅቴን ልጆች ጠርተን እዚሁ ቤታችን ቀለል ያለ ምሽት ልናዘጋጅላቸው፣ ለሚያንኳኩት የጎረቤት ልጆችም ከረሜላ ልንሰጥ አስበናል። ደም፣ አፅም፣ መቃብርና ጠንቋይ የሚመስል ነገር ወደ ቤታችን አይገባም፤ ዱባ፣ የረገፈ ቅጠል፣ ትናንሽ መብራቶችና የእንስሳት ልብስ ይበቁናል። ልምድ ያላችሁ ወላጆች እንድትመክሩኝ የምፈልገው በዋናነት ስለ ትንሹ ነው፤ ጭምብል ያጠለቀ ሰው ሲያይ ያለቅሳል። በተጨማሪም ዕለቱ ዓርብ ስለሆነ፣ ከጾሙ ጋር የማይጋጭ ጣፋጭ የምታውቁ ካላችሁ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ሰሜን ኮከብ፣ ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን፣ የአደይ እናት። እኛ ቤት ውስጥ ማክበር የጀመርነው በመርህ ሳይሆን በብርዱ ምክንያት ነው። እዚህ በኦክቶበር መጨረሻ ልጅን የንብ ልብስ አልብሶ፣ በላዩ ወፍራም ካፖርት ደርቦ ማውጣት ንቡን ከነክንፉ መቅበር ነው፤ የአገሩ ሰዎችም በ1991 በሃሎዊን ዕለት ጀምሮ በዚህ አካባቢ ከ28 ኢንች በላይ የጣለውን በረዶ እስከ ዛሬ አውርተው አልጨረሱም።

ስለ ዱባው ልንገርዎት፤ ለልጆች ዋናው ደስታ ያለው እዚያ ላይ ነው። ሁለት ዓይነት ይግዙ። ለመቅረጽ የሚሸጠው ትልቁ ዱባ ውኃማና ክር የበዛበት ስለሆነ ለወጥ አይረባም፤ ለፓይ የሚሸጠው ትንሹና ክብ የሆነው ግን ሥጋው ጠንካራና ጣፋጭ ነው፤ በበርበሬ ቁሌት ሲሠራ የዓርብ ራታችሁ በዚያው ተገኘ ማለት ነው። ቢላዋውን አዋቂ ብቻ ይያዝ፤ ለዚህ ሥራ ተብላ የምትሸጠው ጥርሳም ትንሽ መጋዝ ከወጥ ቤት ቢላዋ ይልቅ ትሻላለች፤ ቢላዋ በዱባ ልጣጭ ላይ ይንሸራተትና እጅ ይቆርጣል። ስድስት ዓመት የሞላት ልጅ ፊቱን በማርከር ትሥላለች፣ እናንተ በመስመሯ ትቆርጣላችሁ። የሦስት ዓመቱ ልጅ ደግሞ ውስጡን በጭልፋ ይፋቅ፤ እጁን እስከ ክርኑ ድረስ ማስገባት ከተፈቀደለት ሌላ ነገር አይጠይቅም። መቁረጥ ካልፈለጋችሁ በቀለም ብትቀቡት ወይም ተለጣፊ ሥዕል ብታደርጉበት ዱባው ሳይበሰብስ ለሳምንታት ይቆያል፤ የተቆረጠው ግን አየሩ ሞቅ ካለ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሻግታልና ከረቡዕ በፊት ባትቆርጡት መልካም ነው። ፍሬውን አትጣሉት፤ አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ በጥቂት ጨው ብትቆሉት ለአዋቂዎቹ የቡና ቁርስ ይሆናል።

ደጀ ሰላም፣ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

እኅቴ፣ አሳብዎን በግልጽ ስላካፈሉን እግዚአብሔር ይስጥልን። በሰንበት ትምህርት ቤት ከሕፃናት ጋር አገለግላለሁ፤ ስለዚህ የምጽፈው ማንንም ለመንቀፍ ሳይሆን፣ ልጆቹ እሑድ መጥተው የሚጠይቁንን ጥያቄ ስለምሰማ ነው።

ዘንድሮ ኦክቶበር 31 በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 21 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው፤ የእመቤታችን ወርኃዊ በዓል ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 በሚዘልቀው የጽጌ ወቅት መካከልም ነን፤ ይህም እናት ሕፃን ልጇን አቅፋ ወደ ግብፅ የተሰደደችበት የሚታሰብበት ጊዜ ነው። በባዕድ አገር ለተወለደ ልጅ ከዚህ የበለጠ የሚቀርብ ታሪክ ከየት ይመጣል? በአንድ በኩል አበባ ይዘው የሚዘምሩበት ወቅት፣ በሌላ በኩል ሙታንንና አጋንንትን እንደ መጫወቻ የሚያሳይ ምሽት አለ፤ ልጅ ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያይ ቤተሰቡ የትኛውን እንደሚያከብር የሚለየው እኛ ከምንናገረው ሳይሆን ከምንደክምለት ነው። እናንተ አፅሙንና ደሙን ማስቀረታችሁ መልካም ነው። ነገር ግን ቀኑን ራሱን ለምን እንደምንፈልገው አልገባኝም። ቡሄ አለን፣ እንቁጣጣሽ አለን፤ ሁለቱም ልጆች ከደጅ ደጅ እየዞሩ የሚዘምሩባቸው በዓላት ናቸው። ለእነዚያ ያላጠፋነውን ጊዜ ለዚህ ማግኘታችን ያሳዝነኛል።

ሊፊ ዳር፣ ደብሊን

ደጀ ሰላም ያነሡትን አሳብ አከብራለሁ፤ ሆኖም ስለ በዓሉ ምንጭ በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ የሚወራው ብዙ ነገር ከታሪኩ የራቀ ስለሆነ፣ በዓሉ ከተነሣበት አገር ሆኜ ጥቂት ልበል።

አየርላንዳውያን በጥንት ዘመን የመከር ማብቂያና የክረምት መግቢያ የሆነውን ሳዊን የተባለ በዓል ያከብሩ ነበር፤ ከብቶች ከተራራ ግጦሽ የሚወርዱበት ጊዜ ነው። ከክርስትና በፊት የነበሩት ሰዎች ስለዚህ በዓል የጻፉት ነገር የለም፤ የምናውቀው ኋላ መነኮሳት ከመዘገቡት ነው፤ ስለዚህ «እንዲህ ያለ መሥዋዕት ይሠዉ ነበር» እየተባለ በቪዲዮ የሚሰራጨውን ሁሉ በጥርጣሬ ማየት ይገባል። የአሁኑ ስሙ የመጣው ከቤተ ክርስቲያን ነው፤ የምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ኖቬምበር 1ን የቅዱሳን ሁሉ በዓል አድርጋ ስለምታከብር ኦክቶበር 31 የዋዜማው ምሽት ነው፤ ኖቬምበር 2 ደግሞ የሙታን መታሰቢያ ነው። ፕሮቴስታንት ወገኖቻችንም ይህንኑ ቀን የሚያውቁት በሌላ ምክንያት ነው፤ ማርቲን ሉተር በ1517 ስለ ኃጢአት ሥርየት ደብዳቤ ሽያጭ የጻፋቸውን 95 የክርክር ነጥቦች ያወጣበት ቀን ስለሆነ፣ የሉተራን አብያተ ክርስቲያናት የተሐድሶ በዓል አድርገው ያከብሩታል።

ዱባም ቢሆን የአሜሪካ ጭማሪ ነው። እዚህ ይቀረጽ የነበረው የመከር ጊዜ ሥራሥር የሆነው ተርኒፕ ነበር፤ በሜዮ አውራጃ ካስልባር አጠገብ ባለው ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ ከዶኔጋል የተገኘ የአንዱ ቅጂ ይታያል፤ እውነቱን ለመናገር ከማንኛውም ዱባ ይልቅ የሚያስፈራው እርሱ ነው፣ ለሦስት ዓመት ልጅ አላሳይም። ከ1845 እስከ 1852 በነበረው ታላቅ ረኃብ ጊዜ ከአንድ ሚሊዮን በላይ አየርላንዳውያን ሲሰደዱ ልማዱን ይዘው ተሻገሩ፤ በአዲሱ አገር ትልቅና ለመቦርቦር ቀላል የሆነውን ዱባ አገኙ። ስደተኛ ይዞት የሄደ በዓል መሆኑን ሳስብ ከእኛ ጋር ያን ያህል ባዕድ አይመስለኝም።

ለየአደይ እናት የሚጠቅም ነገር ልጨምር። እዚህ ልማዱ በአብዛኛው የቤት ውስጥ ነበር። ባርምብራክ የተባለ ዘቢብ ያለበት ዳቦ ይቆረስና ውስጡ የተደበቀው ቀለበት የደረሰው ሰው በዓመቱ ውስጥ ያገባል ይባላል፤ ለትናንሽ ልጆች ቀለበቱን ትታችሁ ዳቦውን ብቻ ቁረሱ። ፖም ወይም ዶናት በክር ከበር መቃን ላይ አንጠልጥላችሁ፣ ልጆቹ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው በአፋቸው ብቻ እንዲነክሱት ማድረግ ደግሞ ሳቁ አያልቅም። ገመዱን አዋቂ ይያዘው፣ ጨዋታው ሲያልቅም ወዲያው ይነሣ።

የአደይ እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ወንድሜ ደጀ ሰላም፣ የጻፉትን ባለቤቴም አንብቦታል፤ ስለ ስደቱ ያሉት ነገር ልባችንን ነክቶታል። ልጆቹ ዓርብ ጠዋት ትምህርት ስላላቸው እኔ ብቻ ኪዳን ለማድረስ እሄዳለሁ፣ የስደቱንም ታሪክ ማታ ከመተኛታቸው በፊት እነግራቸዋለሁ።

ቀኑን ለምን እንደፈለግነው ግን እውነቱን ልንገርዎ። ለቡሄ ልጆቼን ይዤ የማንን በር ላንኳኳ? ሆያ ሆዬ የምንለው በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ፣ እርስ በርሳችን ነው፤ ይህም ደስ ይላል፣ ነገር ግን ጎረቤት አይደለም። በዚህ ታውንሃውስ ከገባን ጀምሮ ከቀኝ ጎረቤታችን ጋር የተለዋወጥነው ሰላምታ በመኪና መስኮት በኩል ብቻ ነው። በዓመት ውስጥ የሰፈሩ ሰው ሁሉ፣ ኤል ሳልቫዶራዊውም፣ ቬትናማዊውም፣ ነጩም ጥቁሩም፣ ልጁን ይዞ በእግሩ ወደ ደጃችን የሚመጣበት ምሽት ይህ ብቻ ነው፤ በዚያው ምሽት መብራት አጥፍተን መቀመጥ ልክ አልመሰለንም። ልጆቻችን ከቤት ሳይወጡ የሰፈራቸውን ልጆች በስም እንዲያውቁ እንፈልጋለን። አጋንንቱ ቀርቶ በሩ ቢከፈት ነው የተመኘነው።

እማማ ዘውዴ ሰፈር፣ አትላንታ

የኔ ልጅ፣ ደግ አስበሻል። እኔ ከልጄ ቤት ሆኜ በየዓመቱ በር የምከፍተው እኔ ነኝ። እንዲያው እነዚያን የሚያማምሩ ሕፃናት ከረሜላ ብቻ ከመስጠት ለምን ሙልሙል አትጋግሪላቸውም? በእኛ ጊዜ ሆያ ሆዬ ያለ ልጅ ባዶ እጁን አይመለስም ነበር፤ ሙልሙሉም ገና ትኩስ ነበር።

ነርስ ነኝ፣ ሲያትል

እማማ፣ አሳቡ እጅግ ያምራል፤ ነገር ግን በዚህ አገር ወላጆች ያልታሸገ ምግብ ከማያውቁት ቤት አይቀበሉም፣ ቢቀበሉም ቤት ሲገቡ ይጥሉታል። ሙልሙሉ ለቤት ልጆችና ለእኅት ልጆች ይሁን፤ ለደጅ መጪዎች የታሸገ ይሰጥ።

በነገራችን ላይ፣ ባዕድ ሰው ከረሜላ ውስጥ መርዝ ጨምሮ ለልጆች ያድላል የሚለው ፍርሃት ከበዓሉ ጋር አብሮ የሚዞር ወሬ ነው። በዴላዌር ዩኒቨርሲቲ የነበሩት የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ጆኤል ቤስት ከ1958 ወዲህ ያሉትን ዘገባዎች ለብዙ ዓመታት ሲከታተሉ፣ የማያውቁት ሰው ለሃሎዊን በሰጠው ከረሜላ የሞተ ወይም ክፉኛ የተጎዳ ልጅ የተረጋገጠ ማስረጃ አላገኙም። በቴክሳስ በ1974 አንድ ሕፃን በእርግጥ ተመርዟል፤ መርዙን የሰጠው ግን የገዛ አባቱ ነበር። እውነተኛው አደጋ መንገድ ላይ ያለው መኪና ነው። በ2019 ጃማ ፔዲያትሪክስ በተባለ የሕፃናት ሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ከ1975 እስከ 2016 የነበሩትን 42 የሃሎዊን ምሽቶች ከአንድ ሳምንት በፊትና በኋላ ካሉት ምሽቶች ጋር አነጻጽሮ፣ እግረኛ በመኪና ተገጭቶ የመሞት አደጋ 43 በመቶ ከፍ እንደሚል አሳይቷል፤ በይበልጥም የሚጎዱት ከአራት እስከ ስምንት ዓመት ያሉት ናቸው። ስለዚህ የእርስዎን ልጆች በሚያህል ዕድሜ ቤት መዋል ፈሪነት አይደለም።

ነገር ግን ቤትም የራሱ አደጋ አለው፤ እኔ በድንገተኛ ክፍል ስሠራ የማያቸው ጉዳቶች ከዚያ የሚመጡ ናቸው። መጀመሪያ በባትሪ የሚሠሩትን ትናንሽ ሻማዎች ይመልከቱ። እውነተኛ ሻማን በእነርሱ መተካት መልካም ነው፣ ምክንያቱም የሃሎዊን ልብስ ሰፊና ስስ ስለሆነ በእሳት ፈጥኖ ይያያዛል፤ ይሁን እንጂ በብዙዎቹ ውስጥ እንደ ሳንቲም ያለች ክብ ባትሪ አለች፤ ልጅ ከዋጣትና ጉሮሮው ላይ ከቆመች በሁለት ሰዓት ውስጥ ሥጋውን አቃጥላ ልትበሳው ትችላለች። መክደኛው በብሎን የሚዘጋውን ብቻ ይግዙ። ልጅ ባትሪ ዋጠ ብለው ከጠረጠሩ ምልክት እስኪያሳይ ሳይጠብቁ ወዲያው ሆስፒታል ይውሰዱት። ሌላ ነገር ቀምሶ ከሆነ በ1-800-222-1222 የመርዝ መረጃ ማዕከልን በቀንም በሌሊትም ማግኘት ይቻላል፤ አስተርጓሚም ያቀርባሉ።

ሁለተኛው ማነቅ ነው። የሦስት ዓመቱ ልጅ ጠንካራ ከረሜላ፣ ማስቲካ፣ ሙሉ ኦቾሎኒና ፈንዲሻ ባይሰጠው ይሻላል፤ የሚበላውም ተቀምጦ እንጂ እየሮጠ አይሁን። የሰሜን ኮከብን የዱባ ፍሬ ቆሎም ከእርሱ ያርቁለት።

ስለ ጭምብሉ፣ በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ከጭምብሉ በስተኋላ ያለው ያው ሰው መሆኑን ገና በደንብ አይለይም። ማንም ጭምብል አድርጎ ከሌላ ክፍል ድንገት አይውጣበት፤ ልጁ እያየ ያድርገው፣ ያውልቀው፣ ለልጁም ይስጠውና ልጁ አባቱ ፊት ላይ እንዲያደርገው ይተውት። ከዚህ በኋላም ካለቀሰ ጭምብል ይቅር፤ ጆሮ ያለው ኮፍያ ለድመትነት ይበቃዋል።

ኑር ቤት፣ ዳላስ

እኛ ሙስሊሞች ነን፣ በዓሉንም አናከብርም፤ ልጆቻችን ከዘመዶቻቸው ጋር ፊልም አይተው ያመሻሉ። ነገር ግን ደጃችንን ያንኳኳ ልጅ አይመለስም። የጾም ጣፋጭ ስለጠየቁ፣ እኅቴ፣ እኛም የከረሜላ ጀርባ እያነበብን ስለምንገዛ ላካፍልዎ፤ እኛን የሚያሳስበን ጄላቲን ነው፣ ብዙውን ጊዜ ከአሳማ የሚወጣ በመሆኑ ለእናንተም የሚስማማ አይመስለኝም። ማርሽማሎው፣ አብዛኛው የድብ ቅርጽ ያለው ሙጫማ ከረሜላና በአሜሪካ የሚሸጠው ስታርበርስት ጄላቲን አላቸው። ስኪትልስና ትዊዝለርስ ጄላቲንም ወተትም የላቸውም። ጥቁር ቸኮሌት ሁሉ ወተት የለውም ማለት አይደለም፤ «የወተት ቅባት» የሚል ተጽፎበት ሊያገኙ ይችላሉ።

ከቻላችሁ ደግሞ ከረሜላ ያልሆነ ነገር፣ ተለጣፊ ሥዕል ወይም ባለቀለም እርሳስ፣ በሌላ ዕቃ ለብቻው አስቀምጡ። ኦቾሎኒ የማይስማማቸው ልጆች ያሏቸው ቤተሰቦች ከ2014 ጀምሮ በመላ አገሪቱ የታወቀ ምልክት አላቸው፤ ደጅ ላይ ሰማያዊ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ዱባ ካዩ ከምግብ ሌላ ስጦታ እንዳለ ያውቃሉ። የእኔም ልጅ ከእነርሱ አንዱ ነው።

አዲስ ገቢ፣ ዴንቨር

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ለልብስ ብዙ ገንዘብ ከማውጣት ልጆቹን የሐበሻ ቀሚስና ነጠላ ብናለብሳቸው አይሆንም? ቤታችን አለ፣ ያምራልም።

ደጀ ሰላም፣ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

በዚህስ አልስማማም። ጎረቤት ያንን ቀሚስ መጀመሪያ የሚያየው ከጭራቅና ከሌሊት ወፍ ጋር ተሰልፎ ከሆነ፣ ለጥምቀት ለብሳው ስትወጣም የማስመሰያ ልብስ ለብሳለች ብሎ ያስባል።

ሰሜን ኮከብ፣ ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ

በዚህ ነጥብ ከደጀ ሰላም ጋር ነኝ። ከእኛው ታሪክ ሰው ማልበስ ግን ሌላ ነገር ነው። የእኔ ልጅ አምና አበበ ቢቂላ ሆኖ ነበር፤ በቤት ያለ አረንጓዴ ካናቴራ፣ ቀይ ቁምጣ፣ ደረቱ ላይ በ1960 በሮም የሮጠበት 11 ቁጥር በወረቀት ተጽፎ። ባዶ እግሩን እሆናለሁ ብሎ ተከራክሮ ነበር፤ ቤት ውስጥ ስለሆነ ፈቀድንለት። የመጣ እንግዳ ሁሉ ማን እንደሆነ ሲጠይቀው ማራቶኑን እየተናገረ አመሸ።

ለሚያንኳኩት ልጆችም አንድ አሳብ ልጨምር። በአጎራባቻችን አዮዋ፣ በዴ ሞይን ከተማ፣ ልጆች ከረሜላ ከመቀበላቸው በፊት ቀልድ ወይም እንቆቅልሽ የመናገር የቆየ ልማድ አላቸው። እኛ ይህን ወደ ቤት ልጆች አዙረነዋል። ከረሜላ የፈለገ ልጅ «እንቆቅልህ» ይላል፣ እኛ «ምን አውቅልህ» እንላለን፤ ካላወቅን አገር ይጠይቃል፣ ጎንደርን ወይም ሐረርን ሰጥተን መልሱን እንሰማለን። «ስሄድ አገኘኋት፣ ስመለስ አጣኋት» የምትለውን የጤዛዋን እንቆቅልሽ ትልቁ ልጄ ለአሜሪካዊ ጎረቤታችን ተርጉሞ ሲጠይቅ ሰውየው በር ላይ ቆሞ ብዙ ሲያስብ ቆየ። አማርኛቸውን የሚያሠራ ብዙ ነገር ሞክረናል፤ እንደ ከረሜላ የሠራ የለም።

የአደይ እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከምክራችሁ የወሰድነውን ልጻፍ፣ የጎደለ ካለ ታርሙኛላችሁ። ከ2007 ጀምሮ የሰዓቱ ለውጥ ወደ ኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ስለተገፋ፣ በእኛ አካባቢ በዚያ ቀን ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከ12 ሰዓት ጥቂት እንዳለፈ ነው። ስለዚህ ልጆቹ በ11 ሰዓት የዱባ ወጥ ራታቸውን ይበላሉ፤ ከዚያ ትልቋ ንብ፣ ትንሹ ያለ ጭምብል ድመት ይሆናል። ከ12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት በር የሚከፍተው ባለቤቴ ነው፤ ከረሜላውን ከወንበር ላይ የምታድለው ትልቋ ናት፣ ትንሹ ደግሞ ተለጣፊ ሥዕሎቹን። በመካከሉ ዶናቱ በክር ይንጠለጠላል፣ ለዓርብ የሚሆነውን ያለ ወተትና እንቁላል እራሴ እጠብሳለሁ። ትንሹ ገና ለጾም የማይገደድ ሕፃን ቢሆንም ለሁሉም አንድ ዓይነት ማድረጉ ጠብ ይቀንሳል። በ2 ሰዓት መብራቱ ይጠፋል። የሚተርፈውን ከረሜላ ምን እንደማደርገው ግን አላወቅሁም።

ነርስ ነኝ፣ ሲያትል

ትልቋ ጥቂት መርጣ ታስቀር፣ የቀረውን ወደ ሥራ ቦታ ይውሰዱት። አንዳንድ የጥርስ ሐኪሞችም ሰብስበው ለወታደሮች ይልካሉ፤ የእናንተን ሐኪም ጠይቁ። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ከመስጠት ይልቅ ከምግብ ጋር በአንድ ጊዜ በልተው ጥርስ መቦረሻቸው ለጥርሳቸው ይሻላል። ውሻ ካላችሁ ቸኮሌት አይድረሰው፣ ይመርዘዋል።

ደጀ ሰላም፣ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

አሁንም አልተስማማሁም፤ ሆኖም ስለ ጎረቤት የጻፉትን ለወላጆች ስብሰባ አነሣዋለሁ። በሚቀጥለው ዓመት ለቡሄ የሰፈሩን ሰዎች አስቀድመን በደብዳቤ ጋብዘን፣ ልጆቹን ይዘን ደጃቸውን ብናንኳኳ ምን ይመስላችኋል? ሙልሙሉን እማማ ያዘጋጁልን ነበር፣ አትላንታ ባይሆኑ።

እማማ ዘውዴ ሰፈር፣ አትላንታ

አውሮፕላን ትኬቱን ላኩ እንጂ፣ ዱቄቱን ይዤ እመጣለሁ።